ሩጫ የሚያርፍበት ሰዓት

ፋብሪካው ሠላሳ ዓመት ሙሉ ካውያ ሲሠራ ኖሯል። ካውያ ይሞቃል፣ ይተኩሳል፣ ይቀዘቅዛል፤ ከዚያ ያለፈ ምሥጢር የለውም። አንድ ሰኞ ግን ሥራ አስኪያጁ የእህታቸው ልጆች ቴሌቪዥን ላይ ጌም ሲጫወቱ አይተው መጡ። «ሦስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ አንዳቸውም ቀና ብሎ አላየኝም» አሉ፤ የተቀየሙ ሳይሆን የቀኑ ይመስሉ ነበር። «ሰው ሦስት ሰዓት ዓይኑን የማይነቅልበት እቃ እኛ ሠርተን እናውቃለን?» ካውያን ሦስት ሰዓት አፍጥጦ የሚያይ ጤነኛ ሰው የለም።

በዚያው ሳምንት ፋብሪካው ቤት ውስጥ ቴሌቪዥን ላይ የሚሰካ የጌም ማጫወቻ እንዲሠራ ተወሰነ። ሥራው ለመሐንዲሱ ተሰጠ። መሐንዲሱ አሥራ አንድ ዓመት የካውያ ሙቀት ሲለካ የኖረ፣ ትርፍ ጊዜውን ግን ኮምፒዩተር ሲፈታና ሲገጥም የሚያሳልፍ ሰው ነው። ሥራ አስኪያጁ ቢሯቸው ጠርተው «ሦስት ዓመት ሰጥቼሃለሁ። ነጋዴዎቹ ከወደዱት የክፍል ኃላፊ ትሆናለህ። ካልወደዱት ወደ ካውያህ» አሉት። መሐንዲሱ የግራ እጁን አውራ ጣት ኪሱ ውስጥ ደበቀ። በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ አርባ ጊዜ ያህል የተቃጠለች ጣት ናት። ወደዚያ ላለመመለስ የማያደርገው ነገር አልነበረም።

የድሮው የገመድ መጋዘን ተለቆለት ሥራው ተጀመረ። የውስጡን እሱ ሠራ። የውጩን ሣጥን የሠራው ግን ጥብቄ የሚሉት የፕላስቲክ ክፍሉ ሠራተኛ ነው። ይህ ስም የወጣለት የገጠመው ነገር ሁሉ ክፍተት ስለሌለው ነው። ሣጥኑን ሲያስረክብ «ትንኝ እንኳ አትገባበትም» አለ። እውነቱን ነው፣ አትገባበትም። አየርም አይገባበትም፤ ይህን ግን ያኔ ማንም አላሰበውም።

በመጀመሪያው ዓመት መጨረሻ ማጫወቻው ሠራ። በውስጡ አንዲት ጌም ብቻ ነበረች፤ አንድ ትንሽ ሰውዬ ይሮጣል፣ ጉድጓድ ይዘላል፣ አሁንም ይሮጣል። ወዴት እንደሚሮጥ አልተወሰነም። አሁን የጎደለው ፈታኝ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ተቀምጦ የሚጫወት፣ ወሬ የማያወጣ ሰው። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነውና ሥራ አስኪያጁ የማይታወቅ ሰው አይሆንም አሉ። የፋብሪካው ሠራተኛ ደግሞ በሥራ ሰዓት ጌም ከተጫወተ ሌላው ያኮርፋል። መሐንዲሱ እናቱን አቀረበ።

እናቱ ሠላሳ ሁለት ዓመት በስልክ ኦፕሬተርነት ሠርተው ጡረታ የወጡ ሴት ናቸው። የአገሩ ወሬ ሁሉ በጆሯቸው ሲያልፍ አንዲት ቃል አልተነፈሱም። ባላቸው ከሞቱ ወዲህ ብቻቸውን ይኖራሉ፤ ዛሬም ልክ እንደ ሥራው ዘመን ጠዋት ሦስት ሰዓት ሲሆን የሚቀመጡበት ነገር ይፈልጋሉ። ማጫወቻው ቤታቸው ሄዶ ቴሌቪዥናቸው ላይ ተሰካ። ጆይስቲኩን ገልብጠው አዩና «የቱ ጋ ነው የሚናገሩበት?» አሉ። በሁለተኛው ሳምንት ሰባተኛ ደረጃ ላይ ደረሱ።

መሐንዲሱ በየቅዳሜው የፍተሻ መዝገቡን ይዞ ይመጣል።

«እህ እማዬ፣ በዚህ ሳምንት እንከን ነበረው?»

«እንከን የለውም።»

«ምንም?»

«ምንም። ጨዋ እቃ ነው።»

«እንከን የለውም» ብሎ ይጽፋል። ሁለት ዓመት ሙሉ፣ መቶ አራት ቅዳሜ፣ ይህንኑ ጻፈ። ሥራ አስኪያጁ መዝገቡን አገላብጠው ካውያ እንኳ እንዲህ ያለ ስም ኖሮት አያውቅም አሉ።

አንድ ነገር ብቻ መሐንዲሱን መከራውን አሳየው፤ ስልክ። ለምሥጢሩ ሲባል ሞባይል ወደ ሥራ ክፍሉ ስለማይገባ እናቱ የሚደውሉት በቢሮው መስመር ነው። የሚደውሉት ደግሞ በቀን ስድስት ጊዜ ነው። «ቁርስ በላህ?» «እዛ ክፍል ብርድ አለ?» «ድምፅህን ልስማ ብዬ ነው።» ጥብቄ «ይኼ ልጅ ጡት አልጣለም» እያለ ሠራተኛውን ያስቅበታል። በመጨረሻ መሐንዲሱ ስልኩን የምታነሣውን ጸሐፊ «ስብሰባ ላይ ነው በያቸው» አላትና ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ጸሐፊዋ ውሸት አትወድም፤ ሥራዋን ግን ታከብራለች። ስለዚህ «ስብሰባ ላይ ነው» ካለች በኋላ የጥሪ መዝገቧን ትከፍትና ከነሰዓቱ ታሰፍራለች፦ «እናት፣ 3፡40፣ ቁርስ በልቶ እንደሆነ።» «እናት፣ 4፡40፣ ደህና ነው ወይ።» መዝገቡ ሲሞላ ሌላ ታወጣለች። መሐንዲሱ አንዱንም ገልጦ አያውቅም።

ማስመረቂያው ሲቃረብ ስም የሚያወጣ ኮሚቴ ተቋቋመ። ሰባት ሰዎች በአምስት ወር አርባ ስም አይተው ሠላሳ ዘጠኙን ጣሉ። «ነጎድጓድ» ተባለ፤ ሰው መብረቅ ይመታዋል ብሎ ይፈራል ተብሎ ቀረ። «ደስታ» ተባለ፤ የንብረት ክፍል ኃላፊው የሚስታቸው ስም መሆኑን ተናገሩና ዝም አሉ፤ የዝምታቸው ነገር ኮሚቴውን ስላሳሰበው እሱም ቀረ። «ካውያ ሁለት» ያለም ነበር። በመጨረሻ የሽያጭ ኃላፊዋ «ሩጫ» አለች፤ ሁሉም ደክሟቸው ስለነበር አጸደቁ። እሷም ከሥሩ መፈክር ጨመረችበት፦ «ሩጫ፤ የማያርፍ!» ሁለት ሺህ ካርቶን በዚሁ ታተመ።

መሐንዲሱ ይህን ሲነግራቸው እናቱ «የማያርፍ ነገር ጥሩ አይደለም» አሉ። የጡረተኛ ወግ መሰለውና አለፈው።

የምረቃው ቀን ከጠዋቱ አራት ሰዓት ላይ ስልሳ የኤሌክትሮኒክስ ነጋዴዎች አዳራሹን ሞሉት። ሩጫ መድረኩ ላይ ተከፍቶ፣ ትንሹ ሰውዬ ትልቁ ስክሪን ላይ ለብቻው ይሮጣል። ሥራ አስኪያጁ ከፊቱ ቆመው ንግግራቸውን ከመጀመሪያው ካውያ ጀመሩ። በግማሽ ሰዓት የእንፋሎት ካውያ ዘመን ላይ ደረሱ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ የተቀመጡት እናት ሰዓታቸውን አዩ፤ ስክሪኑን አዩ፤ እንደገና ሰዓታቸውን አዩ።

መሐንዲሱ ከመድረኩ ጎን ቆሟል። ያን ቀን ሞባይል ተፈቅዶ ነበርና ኪሱ ውስጥ ተንቀጠቀጠ። «እማዬ» ይላል። እዚህም? ብሎ ዘጋው። ደግሞ ተንቀጠቀጠ። ዘጋው። ሦስተኛ ጊዜ ሲሆን ጥብቄ ጠጋ ብሎ «ቁርስ በልተህ እንደሆነ ሊጠይቁህ ነው» አለው። መሐንዲሱ ስልኩን ጭራሽ አጠፋው።

አራት ሰዓት ከአርባ ላይ ትንሹ ሰውዬ አንድ እግሩን ጉድጓድ ላይ አንሥቶ ቀረ። ሥራ አስኪያጁ ጀርባቸውን ለስክሪኑ ስለሰጡ አላዩም። «ይኸው» አሉ እጃቸውን ወደ ኋላ ዘርግተው፣ «ዓይናችሁ እያየ፣ አያርፍም!» ስልሳውም ነጋዴ የቆመውን ሰውዬ ተመለከተ።

እናት ተነሡ። ቦርሳቸውን ይዘው መድረክ ላይ ወጡ፤ ሥራ አስኪያጁን «ይቅርታ ጌታዬ» ብለው አለፉና ማጫወቻውን አጠፉ። ሕፃን አተኩሶት እንደሆነ እንደሚታየው የእጃቸውን ጀርባ ሣጥኑ ላይ አደረጉ። ከዚያ ወደ ማይክሮፎኑ ዞረው፣ በዚያ በሠላሳ ሁለት ዓመት ድምፃቸው «መስመሩ ለጊዜው አርፏል። ከሃያ ደቂቃ በኋላ ይሞክሩ» አሉ።

ነጋዴዎቹ ሃያ ደቂቃ አልቆዩም። ብስኩቱን በልተው ሄዱ፤ አንድም ያዘዘ የለም። ሥራ አስኪያጁ በመሐንዲሱ አጠገብ ሲያልፉ «ሰኞ ካውያ ክፍል» ብቻ አሉት።

መሐንዲሱ እናቱን ኮሪደር ላይ አገኛቸው።

«እማዬ፣ ምንድን ነው ያደረግሽው?»

«አሳረፍኩት። ሁልጊዜ እንደማሳርፈው።»

ክው አለ። «ሁልጊዜ?»

«አርባ ደቂቃ ከሠራ ይግላል፣ ከዛ ይደርቃል። ገና በመጀመሪያው ሳምንት ነው ያየሁት። ሃያ ደቂቃ ሲያርፍ ምንም አይለው።»

«መቶ አራት ቅዳሜ እንከን አለው ወይ ብዬ ጠየቅኩሽ እኮ!»

«ድካም እንከን ነው እንዴ?» አሉ፤ ከልባቸው ገርሟቸው። «አባትህ አንድ ቀን ሳያርፍ ሠርቶ ነው የሄደው። እንከን ነበረው?»

«እሺ፣ ታዲያ እንደሚሞቅ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ደወልኩልህ እኮ። እሱን ባሳረፍኩ ቁጥር፣ እስኪቀዘቅዝ እናውራ እያልኩ ደወልኩልህ። ስብሰባ ላይ ነበርክ።» ነጠላቸውን አስተካከሉ። «ይኼን ሁሉ ስብሰባ እንዴት ይችለዋል እያልኩ አዝንልህ ነበር።»

ወቀሳ ቢሆን ኖሮ ይቀለው ነበር። እሳቸው ግን ስብሰባውን አምነውት ኖረዋል። መሐንዲሱ ከምረቃው ውርደት ይልቅ በዚህኛው አፈረ፤ ከልቡ አፈረ።

ሰኞ ካውያ ክፍል አልሄደም። ጸሐፊዋን የሁለት ዓመት የጥሪ መዝገቦቿን ለመናት። አምስቱንም ደርድራ «ፈርም» አለችው። የየቀኑን የመጀመሪያ ጥሪ ብቻ እየመረጠ ጻፈ። እናቱ ሁልጊዜ ሦስት ሰዓት ሲሆን ስለሚጀምሩ፣ የመጀመሪያው ጥሪ ማጫወቻው የደከመበትን ደቂቃ ይናገራል። በብርዱ ወራት 3፡40፣ በሙቀቱ 3፡25። መስኮት አጠገብ ያስቀመጡበት ሳምንት ደግሞ 3፡55። የትኛውም ቤተ ሙከራ እንዲህ ያለ ነገር አይሰጠውም ነበር። ወረቀቱን ሥራ አስኪያጁ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋው።

«የሁለት ዓመት የሙቀት ልኬት?» አሉ። «ከየት አመጣኸው?»

«የእናቴ ስልክ ነው። ያላነሣሁት።»

ሥራ አስኪያጁ የራሳቸውን ስልክ አዩ፤ ገልብጠው አስቀመጡት። «ስንት ወር ይበቃሃል?»

«ሁለት።»

ሣጥኑ ጎንና ጎኑ ተበሳ። ሲበሳ ጥብቄ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ቆመ፤ ማንም አልሳቀበትም። ውስጡ ትንሽ ማራገቢያ ገባች። በሁለተኛው ምረቃ ንግግር አልነበረም፤ ነጋዴዎቹ ራሳቸው ተቀመጡና አምስት ሰዓት ሙሉ ቀና አላሉም። ሥራ አስኪያጁ ጥግ ቆመው ማንም እንዳላያቸው በደስታ ተመለከቱ። ሁለት ሺሁም ካርቶን ታዘዘ፤ መሐንዲሱም የክፍል ኃላፊ ሆነ።

የመጀመሪያዋ ባለማራገቢያ ሩጫ ለእናቱ ተሰጠች። እሑድ ራሱ ሄዶ ሰካላቸው።

ሰኞ ከእናቱ ስልክ አልተደወለም። ማክሰኞም አልተደወለም። ረቡዕ መሐንዲሱ አዲሱን ቢሮውን ትቶ ጸሐፊዋ ጋ ሄደ።

«እናቴ አልደወለችም?»

መዝገቧን ገለጠች። «አልደወሉም። አንተም ስብሰባ አልነበረህም።»

ራሱ ደወለ። ብዙ ጠርቶ ተነሣ።

«እማዬ፣ ቁርስ በላሽ?»

«ልጄ፣ ሠላሳ አንደኛው ደረጃ ላይ ነኝ።» የአዝራር ድምፅ ይሰማል። «አሁን ስብሰባ ላይ ነኝ» አሉና ዘጉት።

ሳቀ። ለጸሐፊዋም ነገራት፤ እሷ አልሳቀችም። ወደ ቢሮው ተመልሶ በሩን ዘጋና ተቀመጠ፤ የገዛ እጁን ሥራ ለመጀመሪያ ጊዜ ጠላው።

ቅዳሜ የፍተሻ መዝገቡንና ጠመንጃ መፍቻ ይዞ እናቱ ቤት ሄደ። «ልየው እስቲ» ብሎ ሣጥኑን ፈታ። እናቱ ሶፋው ላይ ሆነው ያዩታል። ወደ ማራገቢያዋ የምትሄደውን አንዲት ቀይ ሽቦ ነቀለ፤ ክዳኑን መልሶ አሰረ።

«እንከን ነበረው?» አሉ እናቱ።

«የለውም» አለና መዝገቡ ላይ እንደዚያው ጻፈ።

ሰኞ ከሦስት ሰዓት ተኩል ጀምሮ ጸሐፊዋ ጠረጴዛ አጠገብ ቆሞ፣ የተለጠፈ ማስታወቂያ እያነበበ ነበር። ማስታወቂያው ስለ ካውያ ነው። 3፡40 ላይ ስልኩ ጮኸ።

ጸሐፊዋ አነሣች፤ የስልኩን አፍ በእጇ ሸፍና «እናትህ ናቸው። ስብሰባ ላይ ነው ልበላቸው?» አለችው። ስልኩን ከእጇ ተቀበላት።

«ልጄ፣ ደክሞታል፤ አሳረፍኩት» አሉ እናቱ። ደግሞም «ቅዳሜ የነቀልካትን ሽቦ አይቻታለሁ። ላስመልሳት አስቤ ነበር፤ ግን ተውኳት» አሉ።

መሐንዲሱ ወንበር ሳበና ተቀመጠ።

«ሃያ ደቂቃ አለን» አለ።