የአስራ ስምንተኛው ጉድጓድ ቦታ

"እንዴ! ነጥቡ የታለ?"

የጎልፍ ክበቡ ሳር ጠባቂ ተንበርክኮ እርጥቡን ሳር በመዳፉ ዳበሰ። የውድድሩ ዳኛ ትናንት ማምሻውን በአስራ ስምንቱም ግሪን ላይ፣ ማለትም ባንዲራው በሚተከልበት ልስልስ ሳር ላይ፣ በነጭ ቀለም አንዳንድ ነጥብ አድርጋ ነበር የሄደችው። የእሱ ሥራ ጎህ ሲቀድ ተነስቶ በየነጥቡ ላይ ክቡን መቁረጫ መትከል፣ መጠምዘዝ፣ አፈሩን ከነሳሩ መዝዞ የትናንቱን ጉድጓድ መድፈን ነው። ሃያ ሁለት ዓመት ሠርቶታል። ዛሬም አስራ ሰባቱን እንደ ወጉ ጨርሷል። እዚህ የመጨረሻው ላይ ግን የማጠጫው ቧንቧ ሳይዘጋ አድሮ ነጥቡን ጥርግ አድርጎ ወስዶታል።

ዳኛዋ ጋ ደወለ። አታነሳም። ደገመ፣ አሁንም የለችም። የመጀመሪያዋ ኳስ ልትመታ ሃያ ደቂቃ ቀርቷል፤ ከዚያ በፊት ሁሉም ጉድጓድ ተቆርጦ ማለቅ አለበት።

እውነቱን እንነጋገር ካልን፣ ነጥቡ የት እንደነበር ልቡ ያውቃል። በስተግራ ነው። በስተቀኝ ያለው ሳሩ ስስ ነው፣ ፊት ለፊቱም የአሸዋ ጉድጓድ ተጋርጦበታል። ጤነኛ ዳኛ በውድድር ቀን እዚያ ባንዲራ አታስተክልም። ችግሩ ሌላ ነው። ችግሩ ልጁ ናት።

ክበቡ በሙሉ "ሚጢጢ" ነው የሚላት። በሰባት ዓመቷ አባቷ በመጋዝ ያሳጠረላትን አሮጌ ዱላ ይዛ ከኋላው ኩስ ኩስ ስትል የወጣላት ስም ነው። አሁን አባቷን በአንድ ራስ ትበልጠዋለች፣ ስሙ ግን አልለቀቃትም። በአስራ አንድ ዓመቷ የታዳጊዎችን ውድድር አሸነፈች፣ በአስራ ስድስቷ ከአማተር ሴቶች አንደኛ ወጣች። ቤቱ በዋንጫ ተሞላ፤ እናቷ እንዲያውም አንዱን የሽንኩርት ማስቀመጫ አድርጋዋለች። ምን ታድርግ? አማተር ሆኖ የሚገኘው ዋንጫና ጭብጨባ ነው፤ መተዳደሪያ የሚሆነው ፕሮፌሽናል ሲኮን ነው። ዛሬ ከአርባ ሴቶች ሦስቱ የፕሮፌሽናል ፈቃድ ያገኛሉ። ኳሱን በትንሽ ምት ጉድጓድ ያስገባ ነው የሚያሸንፈው፤ አምና ሁለት ምት በዝቶባት አምልጧታል። ክበቡ ወጣቶችን በነጻ የሚያጫውተው ሃያ አንድ እስኪሞላቸው ድረስ ብቻ ነው፤ እሷ ደግሞ በሚቀጥለው ወር ትሞላለች። የአባልነቱን ክፍያ ለሳር ጠባቂ ልጅ ማን ይከፍልላታል? ዛሬ ካልሆነላት አለቀ ደቀቀ።

የሚጢጢ ኳስ ደግሞ መጨረሻው ላይ ወደ ግራ የመታጠፍ አመል አለበት። ጉድጓዱ በስተግራ ከሆነ ኳሱ ራሱ እየተንከባለለ ይሄድላታል። በስተቀኝ ከሆነ ግን ጣጣ ነው። ይህን ደግሞ የማያውቅ የለም። ባለፈው ሳምንት የዕቃ ቤቱ ኃላፊ ሰው በተሰበሰበበት፣ "ዘንድሮማ ጉድጓዱን የምትቆፍረው ልጅህ ኳስ ስር ነው አሉ!" ብሎት ሰው ሁሉ በሳቅ ፈረሰ። እሱም አብሮ ሳቀ። ሌሊቱን ግን እንቅልፍ ባይኑ አልዞረም።

"ምን ቆርጦኝ ግራ እተክላለሁ!" አለ ለራሱ። "ያቺን ነገር እየጠበቁኝ እኮ ነው።"

ተነሳና ወደ ቀኝ ሄዶ መቁረጫውን ተከለ። ጠመዘዘው። ጉድጓዱን ጨርሶ ሲያበቃ ደረቱ ቀለል አለው፤ ቅን ሥራ የሠራ ሰው መሰለው። ሰው ምን ይለኛል የሚባለው በሽታ እንዲህ ነው እንግዲህ፣ የያዘውን ሰው ጻድቅ አድርጎ ያስቀምጠዋል።

እኩለ ቀን ላይ ዳኛዋ መጣች። "ጋሼ፣ አስራ ስምንተኛው ላይ ነጥቤ በስተግራ ነበር እኮ!"

"ውሃ አጥቦት አገኘሁት። ደወልኩ፣ አላነሱም።"

"ስልኬን መኪና ውስጥ ረስቼው። በሉ ምን ይደረግ፣ ጨዋታ ከተጀመረ አይነካም። መቼም ሁሉም የሚጫወቱት በአንድ ጉድጓድ ነው።"

እሷ ይህን ብላ ሄደች። እሱ ግን እዚያው ቆሞ ቀረ። ወደ ግራ የሚታጠፈው ግን የእሱ ልጅ ኳስ ነው።

ሚጢጢ አስራ ስምንተኛው ላይ ስትደርስ ሦስተኛ ነበረች። በአራት ምት ከጨረሰች ፈቃዱ የእሷ ነው። የመጀመሪያ ምቷ አማረ። ሁለተኛውን ባንዲራው ላይ አነጣጥራ ለቀቀችው፤ ኳሱ ቀጥ ብሎ ሄዶ ሄዶ፣ እንደ አመሉ ወደ ግራ ታጠፈና ከጉድጓዱ ሃያ እርምጃ ርቆ ቆመ። ገፋችው፣ አጠረ። ገፋችው፣ የጉድጓዱን ጫፍ ልሶ አለፈ። በሦስተኛው ግፊያ ገባ። በጠቅላላው አምስት ምት። አሁን ሦስተኛነቱን ከአንዲት ባለ ቀይ ኮፍያ ጋር ተጋራች፤ ሁለቱ ለብቻቸው እዚያው ጉድጓድ ላይ እንደገና ተጫውተው ሊለያዩ ነው።

ከዕቃ ቤቱ ጀርባ ካለው ቧንቧ ፊቷን ስትታጠብ አባቷ መጣ።

"አባዬ፣ ማነው ባንዲራውን እዚያ የተከለው? የዳኛዋ ነጥብ እዚያ ነበር?"

"ነጥቡ ጠፍቶ ነበር። እኔ ነኝ።" ወደ ግሪኑ ዞሮ አየ። "ግራ እንደነበር ልቤ ያውቅ ነበር። ሰው ያማኛል ብዬ ነው፣ ሚጢጢ።"

ውሃው እየፈሰሰ ቀና ብላ አየችው። "ማን? የዕቃ ቤቱ ሰውዬ?"

"እሱም... ሁሉም።"

"እኔን እኮ አስራ ሦስት ዓመት ሙሉ ሲያሙኝ ነው የኖሩት! 'የሳር አጫጁ ልጅ' እየተባልኩ ነው የተጫወትኩት። አንድ ቀን ጉድጓዱን ወዲህ አድርግልኝ ብዬህ አውቃለሁ?"

"ኧረ በጭራሽ።"

"ታዲያ ምነው ከሌላ ሰው ልጅ አሳነስከኝ?"

"አጥፍቻለሁ" አላት። "አጥፍቻለሁ፣ የኔ ልጅ።"

ሚጢጢ ቧንቧውን ጥርቅም አድርጋ ዘጋች። ዓይኗ ቀልቷል። "እሺ፣ በቃ። አሁን አታናግረኝ፣ እጄን ላፍታታ" ብላ ዱላዋን አንስታ ሄደች።

ወዲያው ዳኛዋ ከግሪኑ ላይ እጇን አውለብልባ ጠራችው። ሲደርስ ባለ ቀይ ኮፍያዋ፣ ሚጢጢና ያ ሁሉ ተመልካች ተሰብስበዋል። የዕቃ ቤቱ ኃላፊም ከፊት ተሰልፏል፤ መቼም እሱ ከእንዲህ ያለ ቦታ አይጠፋም።

"የዚህ ጉድጓድ ጫፉ ተፈረካክሷል" አለች ዳኛዋ። "ለመለያው ጨዋታ አዲስ ይቆረጥ። ቦታውን ሳሩን የሚያውቀው ሰው ይምረጠው።" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገች። "ግን ልጅዎ ናት፣ ጋሼ። ከከበደዎት ሳሩን ለሚያጠጣው ሠራተኛ ልስጠው። ማንም አይቀየምዎትም።"

እውነትም ማንም አይቀየመውም። መቁረጫውን አስረክቦ ከሰዉ ኋላ መቆም፣ ልጁ ብታሸንፍም ብትሸነፍም እጁን ታጥቦ ወደ ቤቱ መግባት ይችላል። ወደ ሚጢጢ አየ። እሷ ግን አላየችውም፣ ዱላዋን በፎጣ እየወለወለች ነበር።

ይህች የሌላ ሰው ልጅ ብትሆን የት ነበር የምቆርጠው? ብሎ ራሱን ጠየቀ። መልሱ እስትንፋስ እንኳ አልፈጀበትም።

"ሥራው የኔ ነው" አላት ዳኛዋን። "እኔው እቆርጠዋለሁ።"

"የት?"

"ነጥብዎ የነበረበት ቦታ።"

ወደ ግራ መራመድ ሲጀምር ከኋላው ጉርምርምታ ተነሳ። "አላልኳችሁም?" አለ የዕቃ ቤቱ ኃላፊ፣ እንዲሰማለት ጮክ ብሎ። አንድ ሁለት ሰው ሳቀ።

ሳር ጠባቂው ፊቱ በላብ ተዘፈቀ፣ ግን አልዞረም፣ እርምጃውንም አላፈጠነም። መቁረጫውን ተከለ፣ ሁለት ጊዜ ጠመዘዘ፣ አፈሩን ከነሳሩ መዝዞ አወጣና የጉድጓዱን ዙሪያ በጣቱ ዳበሰ። ንጹህ ነው። ባንዲራውን አቆመና ቀና ብሎ ሰዉን ሁሉ አየ።

"ዝግጁ ነው፣ ይጫወቱ" አለ።