ሽልል

ስፌት ቤቱ ውስጥ በስሟ የሚጠራት አልነበረም፤ ሁሉም «ዘማሪዋ» ይሏታል። እሑድ እሑድ ከመዘምራኑ ፊት ቆማ ታዜማለች፤ ሥራ ቦታም ምሳ ሲቀርብ የምትባርከው እሷ ናት። የቸገረው ሁሉ «በጸሎት አስቢኝ» ይላታል። «ምን ጥያቄ አለው!» ትላለች እሷም። ቃሉ እንደ «ደህና ዋሉ» ምላሷ ላይ ቀሎ ነበር።

እትዬም ጠየቋት። እትዬ ሙያውን ያስተማሯት፣ ወልደው ያልሳሙ አሮጊት ሰፊ ናቸው። የሆዳቸው ሕመም ጠንቶባቸው ሥራ ያቆሙ ዕለት፣ መቀሳቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ሲወጡ በር ላይ እጇን ያዙ።

«ልጄ፣ ማለዳ ማለዳ አስቢኝ። አደራ።»

«ምን ጥያቄ አለው፣ እትዬ!»

ካውያ የያዘው ባልደረባቸው ከእንፋሎቱ መሐል ብቅ አለ። «ለሷ ከነገሯትማ ሰማይ ሰማ በሉ። እኔ ግን ሚስት ስጠኝ በይልኝ ካልኳት ስንት ዘመኔ፣ ይኸው ወንደላጤ ነኝ።»

ሁሉም ሳቁ። ዘማሪዋም ሳቀች።

በማግሥቱ ማልዳ ተንበረከከች፤ ግንባሯን ፍራሹ ላይ እንዳስደገፈች እንቅልፍ ወሰዳት። ቀጥሎ ባለው ቀን ከትራሷ ሳትነሣ በልቧ ጸለየች። ከዚያ ወዲያ «እሱ ያውቃል» ብላ ወደ ግድግዳው ትዞር ጀመር። አንዳንዴ ታክሲ ውስጥ ትዝ ሲሏት «ጌታ ሆይ፣ እትዬን…» ትልና መውረጃዋ ይደርሳል። ክፉ አልሠራችም። ከመዝሙር ልምምድ አልቀረችም። ስለዚህም አልደነገጠችም።

ልትጠይቃቸው ስትሄድ እትዬ አልጋው ውስጥ ተሰብስበው የልጅ ያህል ሆነው አገኘቻቸው። ሲያዩዋት ፊታቸው በራ።

«መጣሽልኝ! እኔማ መጸለዩን ትቻለሁ ልጄ። ሕመሙ ሐሳቤን እየበጣጠሰ አላስጨርስ አለኝ። ግን ሊነጋጋ ሲል ‹አሁን ልጄ ተንበርክካለች› እልና፣ ያንቺን ተደግፌ ሸለብ ያደርገኛል። እግዜር ይስጥሽ።»

ዘማሪዋ የአልጋ ልብሱን ጠርዝ ጨበጠች። ጀማሪ ሳለች አንድ ቀሚስ ሸልላ «ጨረስኩ» ብላቸው ነበር። ሽልል መኪናው እስኪሰፋው ድረስ ጨርቁን የሚያያይዝ ላላ ክር ነው፤ ከሩቅ ሲያዩት ስፌት ይመስላል። እትዬ ጫፉን ይዘው ሳብ ቢያደርጉት ተተረተረ። «ይሄን ተማምና የለበሰች ሴት» አሏት፣ «መንገድ ላይ ነው ራቁቷን የምትቀር።»

«እስቲ አሁን ጸልዪልኝ፤ በጆሮዬ ልስማው» አሉ እትዬ፣ ዐይናቸውን ጨፍነው።

ተንበረከከች። እሑድ እሑድ ተከታትለው የሚመጡላት ያማሩ ቃላት አንዳቸውም አልመጡም።

«ጌታ ሆይ… ይቅር በለኝ። ይቅር በለኝ።»

እትዬ አንድ ዐይናቸውን ገለጥ አደረጉ። «ምነው ልጄ፣ ለኔ አልኩሽ እንጂ! ለራስሽ ጀመርሽ እንዴ?»

«እትዬ፣ እኔ እኮ…»

የከሳው እጅ ራሷን ዳበሳት። ገብቷቸው ይሁን ሳይገባቸው አላወቀችም።

«ግድ የለም፤ ከዚያም ይጀመራል። ቀጥዪ።»

ከዚያ ቀን በኋላ እንቅልፍ አላሸነፋትም። ሳይነጋ ትነሣለች፤ ሲሚንቶው ላይ ጉልበቷን እስኪበርዳት፣ ድምፅዋ እስኪሰልል ስለ እትዬ ትለምናለች። አንድ ማለዳ እንዲሁ እየለመነች ስልኳ ጮኸ። ባለካውያው ነበር፤ ያ ሁሉ ቀልዱ ጠፍቶ።

«ዘማሪዋ… እትዬ አረፉ።»

ስልኩን አስቀመጠችና ተመልሳ ተንበረከከች፤ ልመናዋን ገና አልጨረሰችም ነበር።

«እትዬን…» አለች።

የምትቀጥልበት አጣች። ላረፈ ሰው «ፈውስልኝ» አይባል ነገር። መስኮቱ ላይ ብርሃን ጭል ጭል ማለት ጀመረ። እትዬ «አሁን ልጄ ተንበርክካለች» ብለው ሸለብ የሚያደርጋቸው በዚህ ሰዓት ነበር።