የዘነበች ክዳን

«ሣሩን የሰጠኋት እኔ ነኝ» አለ ፈለቀ ከጉባኤው መካከል ተነሥቶ። «ጓሳው የተከፈተ ጊዜ ካጨድሁት፣ ከገዛ ድርሻዬ ነው። ዘነበች አልሰረቀችም። ጥፋት ከሆነ እኔን ቅጡኝ።»

የጋራው የሣር ምድር፣ የጓሳው ሹም ባላምባራስ ወዳጆ ጢማቸውን አሻሹ።

«አንተማ ጓሳውን ያቀናው አባት ዘር ነህ፤ ምን ብለን እንቀጣሃለን? ምረንሃል። ክዳኑ ግን ይገፈፋል። የጓሳ ሣር በመጤ ቤት ላይ አይከደንም።»

ፈለቀ ጆሮውን ማመን አቃተው። ዘነበች በረሃቡ ዘመን ከላስታ ተሰዳ ብትመጣም ባሏን የቀበረችው እዚሁ መንዝ ነው። ሚስቱ ሸዋረጋ በወሊድ ታምማ በተኛች ጊዜ ሴት ልጁን ጡቷን ያጠባቻት እሷ ነች።

«የሚካኤልን ጽዋ አብራን ታነሣ የለም እንዴ፣ ባላምባራስ? ለጽዋው ጎረቤት፣ ለዝናቡ መጤ ትሆናለች?»

«ጽዋው የሚካኤል ነው፤ ጓሳው የአባቶቻችን።»

«እንግዲያ ርስቱንም አካፍላታ!» ብሎ ታላቅ ወንድሙ ኃይለመስቀል ሲጮህ ሰዉ ሳቀ።

ዘነበች ከዳር ቆማ፣ «እኔም ልናገር፣ ጌቶቼ» አለች።

«የመጤ ቃል በጓሳ ጉባኤ አይሰማም» አሏት ባላምባራስ፣ ሳይቆጡ።

በደንቡ ለገፈፋ ከየቤቱ አንድ ሰው ይወጣል፤ የቀረ የሣር ድርሻውን ያጣል። ሰኔ ነው፤ ደመናው ጓሳው ላይ ተኝቷል። ፈለቀ በዚህ ሰማይ ሥር ማንም እጁን አያነሣም ብሎ ነበር። ማጭዱን ይዞ ያልመጣ ግን አልነበረም።

ቀድሟቸው የዘነበች ቤት ጣሪያ ላይ ወጣና ጉልላቱን አቅፎ ተቀመጠ።

«የምትገፍፉት ከእኔ ጋር ነው!»

«ፈለቀ፣ ወንድሜ፣ ውረድልኝ!» አለች ዘነበች ከውስጥ። «እነሱ ሳይገፍፉት አንተ ልትደረምስብኝ ነው!»

አንዳንዱ ፈገግ አለ፤ አንዱም ማጭዱን መሬት አኖረ። ፈለቀ ነገሩ የበረደ መሰለው። ወዲያው ከጀርባው ሣር ሲመዘዝ ሰማ። ዞር ቢል ኃይለመስቀል ነው፤ ቀና ብሎ አያየውም።

«ወንድም ጋሼ! አንተ?»

«ልጆች አሉኝ» አለ ኃይለመስቀል፣ ሌላ ነዶ እየሳበ።

ከዚያ ሁሉም ተረባረቡ። ፈለቀ ማንን ይያዝ? ካፊያው ሲጀምር ከጉልላቱ ሥር ሰው የሚያሾልክ ቀዳዳ ተከፍቶ ነበር። አጎንብሶ ሲያይ ዘነበች ቀና ብላ ታየዋለች፤ ዝናቡ በግንባሯ ይወርዳል።

«ምን ታፈጣለህ? የዘር ገብሴ ሊረጥብ ነው። እንካ!»

አቁማዳውን በሁለት እጇ ከፍ አደረገችለት። ፈለቀ ክንዱን በቀዳዳው ሰዶ ተቀበላት፤ ወርዶም ትከሻው ላይ አኖረና በሰዎቹ መካከል አልፎ ወደ ቤቱ አመራ። ከኋላው የዘነበች እግር ጭቃውን ሲረግጥ ይሰማዋል። መንገድ የዘጋቸው የለም፤ ሁሉም ሣር እየሸከፈ ነበር።