የምላስ መደብ

ወጊ ቢረሳ ተወጊ አይረሳም። ኤርሳዶን የሰደበው ጌታሁን ቦልቴ ነው። ቀኑ በ1997 ዓ.ም. ለወላይታ ዘመን መለወጫ፣ ለጊፋታ፣ በሬ የታረደበት ማለዳ ነው፤ ቦታው ደግሞ ከገሱባ ማዶ፣ በጌታሁን ደጅ ካለው ሾላ ሥር። ጤዛው ገና አልረገፈም ነበር። ሥጋው በእንሰት ቅጠል ላይ በየመደቡ ተደርድሮ፣ ቅርጫ የገባው ሁሉ ዕጣውን እየጠበቀ ቆሞ ሳለ፣ ቢላዋ የያዘው ጌታሁን የበሬውን ምላስ በሁለት ጣቱ አንጠለጠለና፣

«ይሄን ለኤርሳዶ ስጡት፤ እሱ ዕጣ አያስፈልገውም። የአባቱ ርስት ነው» አለ።

የቆመው ሁሉ ሳቀ። የኤርሳዶ ሚስት ወንድም እንኳ፣ ለይሉኝታ ፊቱን ቢያዞርም፣ ትከሻው ሲንቀጠቀጥ ይታይ ነበር። ኤርሳዶ መደቡን ሳያነሳ ቤቱ ገባ። በዓሉንም ቆጮ በዳጣ እየበላ ዋለ። ከዚያ ወዲህ ቅርጫ ገብቶ አያውቅም። ሥጋ ሲያምረው ከሥጋ ቤት ይገዛል፤ ባለ ሥጋ ቤቱ «ምላስ ልጨምርልህ?» ያለው ቀን ደግሞ ገንዘቡን መልሶ ተቀብሎ ወጣ።

የስድቡ ሥር ሩቅ ነው። በጃንሆይ ዘመን አንድ ፈረንጅ እዚያ መንደር መጥቶ ከርሞ ነበር። የሕዝቡን ኑሮ እጽፋለሁ ባይ ነው። ማን የማን ልጅ ነው፣ ሙት እንዴት ይለቀሳል፣ የማን ላም በማን ደጅ ታድራለች እያለ ሲዞር ሰው በሩን ዘጋበት። ከፍቶ ያስገባው የኤርሳዶ አባት ሶርሳ ነው። ቋንቋ አስተማረው፤ በየለቅሶው ይዞት ዞረ፤ ከገበታው አበላው። ፈረንጁ በሄደ በዓመቱ የከብት ግብር የሚያስከፍሉ ሹሞች መጡና በዘመድ ደጅ የተደበቀውን ከብት ሳይቀር ቆጠሩት። ፈረንጁ ነግሯቸው ይሁን፣ ሹም ድሮም አፍንጫ ስላለው ይሁን፣ የሚያውቅ የለም። መንደሩ ግን «ሶርሳ በምላሱ አስቆጠረን» ብሎ ፈረደ። ሶርሳ በዚያ ስም ኖረ፤ በዚያው ስም ተቀበረ።

ኤርሳዶ ከስምንተኛ ክፍል በላይ አልዘለቀም። አሁን ሶዶ፣ ዩኒቨርሲቲው አጠገብ ባለ ኮፒ ቤት ተቀጥሮ የማያነበውን እንግሊዝኛ ሲያባዛ ይውላል። ማሽኑ ወረቀት ሲነክስ ይጎትታል፤ ቀለሙ ሲደበዝዝ ቶነር ያራግፋል። ተማሪዎቹ «አንተ ኮፒ!» ብለው ነው የሚጠሩት። ስሙን የምትጠራው ቤቴል የምትባል የአንትሮፖሎጂ ተማሪ ብቻ ናት፤ እሷም ዕዳ ያለባት ይመስል እየተሽኮረመመች።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ቤቴል ጠርዙ የተበላ ጥራዝ ይዛ መጣች።

«ጋሼ ኤርሳዶ፣ ይሄን ለክፍሉ በሙሉ ያባዙልን።»

«ደግሞ የምን ጣጣ ነው?»

«ኤትኖግራፊ ነው። ሰው የማያውቀው መንደር ሄዶ፣ አብሮ ኖሮ፣ ያየውን የሚጽፈው። የድሮዎቹን እያነበብን ነው። የሩቅ ባሕር ደሴት፣ የሩቅ በረሃ ከብት አርቢ ስናነብ ከርመን አሁንማ ደከመን። ይሄኛው ግን የእናንተው አገር ነው፤ ከገሱባ ማዶ።»

የኤርሳዶ እጅ ማሽኑ ላይ ቀረ። በዚያው ቅጽበት መብራት ጠፋ፤ ማሽኑም ተንፍሶ ዝም አለ።

«እስኪመጣ አንብቢልኝ» አላት።

ቤቴል በሩ አጠገብ ብርሃን ፈልጋ ተቀመጠችና እየተረጎመች ታነብለት ጀመር። «‹ዋናው አስተማሪዬ ቦልቴ ነው። ሌላው በሩን ሲዘጋብኝ እሱ ከፈተልኝ› ይላል።»

«ማን?»

«ቦልቴ።»

«ቦልቴ! ጎረቤታችን ቦልቴማ ፈረንጅ ሲያይ አጥር የሚዘል ሰው ነበር።»

«ይስሙኝማ፣ ጋሼ። ‹ቦልቴ ሊናገር የማይገባውን ሊናገር ሲል፣ አስቀድሞ ግራ ጆሮውን ይጎትታል።›» ቀና ብላ አየችው። ኤርሳዶ የራሱን ግራ ጆሮ ጨብጦ ቆሟል።

«አባቴ ነው» አለ። «ሶርሳ ነው ስሙ። እኔም ከእሱ ነው የወረስኩት።»

ቤቴል ጥራዙን ወደፊት ወደኋላ ገለበጠችው። «ጸሐፊዎቹ ስም ይቀይራሉ፤ የነገራቸው ሰው እንዳይጎዳ ብለው። ያንን ደግሞ መግቢያው ላይ ይናገራሉ። የእኛ ግን የኮፒ ኮፒ ነው፤ መግቢያው የለውም፤ ከምዕራፍ ሁለት ነው የሚጀምረው። መምህር መልአኩ እውነተኛ ስም መስሎት ልጅየውን አፈላልጎ አግኝቷል። ቅዳሜ ክፍሉን ይዞ ሊሄድ ነው።»

«የማንን ልጅ?»

«የቦልቴን። አቶ ጌታሁን የሚባሉ።»

ኤርሳዶ ሳቀ፤ ሳቁ ግን እንደ ሳል ነበር። «ከአገሩ ስም ሁሉ የጎረቤቱን! እንዳይጎዳ ነው አልሽ?»

«እንዳይጎዱ።»

«እንግዲያ አልተጎዳም በይኛ!»

ልጅቷ ወደ ንባቧ ተመለሰች። ወደ መጨረሻው ገደማ አንድ ቦታ ላይ ደርሳ፣ «ይሄ ደስ ይላል» አለችና አነበበች። «‹ቦልቴ ጆሮውን ጎትቶ እየሳቀ ነገረኝ። ከምንጩ በላይ፣ ደጁ ላይ ሾላ ያለው ጎረቤቱ መቶ ከብት እንዳለው በአደባባይ አስቆጥሮ የባለ ሀብት ማዕረግ በተቀበለ ጊዜ፣ የራሱ የነበሩት ጥቂት ናቸው። የቀሩትን ከዘመድና ከወዳጅ ተውሶ፣ በሌሊት አስነድቶ ነው የቆመው።›»

ከምንጩ በላይ ያለው ሾላ አንድ ብቻ ነው፤ በቦልቴ ደጅ የቆመው፣ ምላስ የተንጠለጠለበት ሾላ። ጌታሁን እስከ ዛሬ «የባለ መቶ ከብት ልጅ ነኝ» ብሎ ነው በሽማግሌዎች መካከል የሚቀመጠው፤ በዚያ መቶ ይምላል፤ በዚያ መቶ ሴት ልጆቹን ድሯል።

«ይሄን መምህራችሁ አይቶታል?»

«እስከ ምዕራፍ አራት ነው የደረስነው። ይሄ ሰባት ላይ ነው፤ ገና ነን።» ከዚያም ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ቅዳሜ ይምጡ፣ ጋሼ። የአባትዎን ስም እዚያው ይናገሩ። ዝም ካሉ እኛም ቦልቴ ብለን እንጽፋለን፤ ከእኛ በኋላ የሚያነበውም ቦልቴ ይላል» አለችው።

ቅዳሜ ሄደ። በሚኒባሱ የኋላ ወንበር ጉልበቱ አገጩን እየመታው፣ ከገሱባ ወዲያ ደግሞ ተማሪዎቹ ፎቶ ሲነሱ መኪናው እየቆመ፣ የሚናገረውን በሆዱ ሲያሰማምር ተጓዘ። ለስንት ዘመን ያሰማመረው ንግግር ነው! በመኝታው፣ በማሽኑ ጩኸት መሀል፣ ገላውን ሲታጠብ ሳይቀር ሲለማመደው ኖሯል። አሁን ግን ቃሉ ሁሉ እንደ ሰለቸ መዝሙር አፉ ውስጥ ላላበት።

ጌታሁን ሸብቷል። ሾላው ሥር ወንበር አስወጥቶ ተቀምጧል። ሽማግሌዎቹ በአግዳሚው ላይ ናቸው፤ ተማሪዎቹ ሣሩ ላይ። መምህር መልአኩ ስልኩን ለመቅጃ አፉ አጠገብ ይዞለታል።

«አባቴ ቦልቴ ፈረንጁን እንደ ልጁ ነው የያዘው» ይላል ጌታሁን። «አገሩ ሁሉ ሲሸሽ፣ አባቴ ‹እውቀት አይደበቅም› አለ። አርቆ አሳቢ ነበር።»

«ከዚያ በኋላ ግብር መጣ፣ ሰው ፈረንጁን ጠላ ይባላል» አለ አንድ ተማሪ።

«የሰነፍ ወሬ ነው፣ ልጄ» አለ ጌታሁን፣ ዝንብ እንደሚያባርር እጁን እያወናጨፈ። «ፈረንጅ ከግብር ጋር ምን አገናኘው? አላዋቂዎች ያወሩት ነው።»

ወሬ ነው! ሶርሳን ለቅሶ ቤት ያስከለከለው፣ ልጁን ከመንደር ያስወጣው ነገር፣ አሁን እንደ ዝንብ በእጅ ተባረረ። ኤርሳዶ ከሰው ጀርባ እንደቆመ ኮፍያውን አውልቆ በእጁ ያዘ።

ቤቴል ለመምህሯ አንሾካሾከች። መምህሩም ቀና ብሎ፣ «ጋሼ፣ እርስዎም የዚህ መንደር ተወላጅ ነዎት አሉኝ። ስለ አቶ ቦልቴ የሚጨምሩልን አለ?» አለው።

«ኤርሳዶ ነህ እንዴ?» ጌታሁን ዓይኑን አጨንቁሮ አየውና ፊቱ ፈካ። «ና ኢሻ፣ ና ወንድሜ! የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ሶዶ ገብቶ ቅርጫችንን ንቆ የቀረ። አባቱ የፈረንጁን በቅሎ ይጎትት ነበር። ጠይቁት፣ ጠይቁት፤ ምላስ እንደሆነ በእነሱ ቤት አልጠፋም!»

አግዳሚው ላይ ያሉት ሽማግሌዎች ሳቁ። ያው የድሮው ሳቅ ነው፤ ጥርሱ ብቻ ረግፏል።

የሶርሳ ስም እስከ ጉሮሮው መጣ። ግን ሶርሳ ካለ፣ በምን ታውቃለህ ይሉታል፤ በጆሮው ይላል። ጆሮው ያለበትን ገጽ ሲያገላብጡ የባለ ሾላው የውሰት ከብት ታሪክ ይወጣል። ያኔ ኤርሳዶም፣ አባቱ ለፈረንጁ የነገረውን እዚሁ ዛፍ ሥር ቆሞ ለሶዶ ተማሪ የነገረ ይሆናል። ጌታሁንም «አላልኳችሁም?» ይላል። ዝም ካለ ደግሞ ምዕራፍ ሰባት ራሱ ይመጣል፤ በቦልቴ ስም ይመጣል። ያን ጊዜ የቦልቴን ገበና ያወጣው ራሱ ቦልቴ ነው፤ ሶርሳም ያለ ስድብ፣ ያለ ስምም ይቀራል። ይህን ሲያስብ ደስ የሚለው መስሎት ነበር። አላለውም። ገበያ ከተበተነ በኋላ እንደደረሰ ሸክም፣ ድካም ብቻ ተሰማው።

ሁሉም ያዩታል። ቤቴል እስክሪብቶዋን አንስታ ትጠብቃለች። ግራ እጁ ጆሮው ላይ መሆኑን ያወቀው ያን ጊዜ ነው። ቀስ ብሎ አወረደው።

«እህስ፣ ኤርሳዶ?» አለ ጌታሁን።

ኤርሳዶ ኮፍያውን አጠለቀና ከሾላው ጥላ ወጣ። ምንጩን ተሻግሮ፣ ወደ ኋላው ሳይዞር፣ የገሱባን መንገድ ያዘ።