ለሁለት የተቆረጠው ስም

የአባቷ ሙት ዓመት ሲደርስ፣ የሸማ ተራ ነጋዴዎች ሰባተኛ አካባቢ አዳራሽ ተከራዩለት። ጸሎት ደስ አላት። አባቷ ኃይለመለኮት እዚያው ተራ ነጠላና ጋቢ ሲሸጥ አርጅቶ፣ ሱቁን ለእሷ ትቶ ነው የሞተው። «ፎቶዎቹን በስላይድ አድርጌ በትልቁ አሳይላችኋለሁ» ያላት ዳኒ ነበር፤ አብሯት እዚያው ተራ ያደገ፣ አሁን ሲኒማ ራስ አጠገብ የሰርግ ቪዲዮ የሚያቀናብር።

በዋዜማው ዳኒ ሱቅ ሄዳ ኮምፒውተሩን ብታይ፣ የአባቷ ስም መኖር በነበረበት ቦታ ባዶ ሳጥኖች ተደርድረዋል።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ፎንቱ አማርኛ አያውቅም። እዚህ ሶፍትዌር ላይ የእኛን ፊደል የሚያወጣው አንድ ፎንት ብቻ ነው፤ እሱም በጣም ግዙፍ ነው።»

«ለእንግሊዝኛ ይሄን ሁሉ ደርድሮ፣ ለእኛ አንድ?»

«እኔ አልሠራሁት! በቃ አታስቢ፣ አስተካክለዋለሁ።»

አምናው ወጣች።

አባቷ በሸማ ተራ ቅጽል ስም ነበረው። ክረምት ከበጋ ቡናማ ኮቱን ስለማያወልቅ ከኋላው «ኮት» ይሉታል። በሰማ ቁጥር እሳት ይለብሳል። አንድ ቀን ተሸካሚ ደንበኛ ፊት «ኮት! ዕቃህ መጥቷል!» ብሎ ቢጮህ፣ ሱቁን ዘግቶ ቤቱ ገባ፤ ያን ማታ እህል አልቀመሰም። ኮቱን ለምን እንደማያወልቅ ጸሎት ታውቃለች። ከሥሩ ያለው ሸሚዝ የተጣጣፈ ነበር። እሷን ለማስተማር ሲል ለራሱ ሸሚዝ አይገዛም ነበር።

በሙት ዓመቱ ቀን አዳራሹ ሞላ። መብራት ጠፋና የመጀመሪያው ስላይድ ወጣ። ከፎቶው በላይ ባለው መስመር «ኃይለመለ» ይላል። ከታች፣ ብቻውን፣ እንደ ሱቅ ታፔላ ገዝፎ፣ «ኮት»።

ከኋላ አንዱ ሳቁን አፈነ። ሌላው ማፈኑ አቃተው። የአባቷ የልብ ወዳጅ ጋሼ ጃፋር እንኳ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው ትከሻቸው ይንቀጠቀጣል።

ጸሎት ተነሥታ ብርሃኑ ፊት ቆመች። ቃሉ ደረቷ ላይ አረፈ።

«አጥፋው!»

«ጸሊ፣ በእናቴ፣ ሆን ብዬ አይደለም!» ዳኒ ላፕቶፑን ይነካካል። «ስሙ በአንድ መስመር አልገባ ሲለው ሶፍትዌሩ እንደፈለገ ይቆርጠዋል። ፊደሉን ላሳንስ ብል ዲዛይኑ የተቆለፈ ነው፣ እምቢ አለኝ።»

«እምቢ አለኝ? አይተኸው ነበር ማለት ነው?»

ዳኒ ዓይኑን ከላፕቶፑ አላነሣም።

«አይተኸዋል ወይ ነው የምልህ!»

«አይቼዋለሁ። ሰዓቱ ሄደብኝ። ሰውም ልብ አይለውም ብዬ ነው።»

«ማሽኑስ አያውቅም፣ ምን ይደረግ። አንተስ? አባቴ ያንን ስም ሲሰማ ፊቱ ምን እንደሚመስል አላየህም?»

«አሁን አስተካክለዋለሁ። ‹ኃይሌ› ብለን ብናሳጥረውስ? ይገባል።»

ይሄኔ ነው የባሰባት። «ለሶፍትዌር እንዲመች የአባቴን ስም ልትቆርጥ? ስሙ ኃይለመለኮት ነው! አይገባም ካለ ማሽኑ ይውጣ፣ እሱ አይቆረጥም! ጽሑፉን በሙሉ አጥፋው። ፎቶው ብቻ ይታይ።»

ዳኒ አጠፋው። ፎቶዎቹ ያለ አንድ ፊደል መውጣት ጀመሩ። ጸሎት ከስክሪኑ አጠገብ ቆማ እያንዳንዱን በራሷ አፍ ተናገረች፤ ይሄ ሱቁን የከፈተ ዕለት ነው፣ ይሄ እኔን ታቅፎ ነው። በድምፅዋ ውስጥ ያለው እንባ ሳይሆን ንዴት ነበር። ኮቱን የለበሰበት ፎቶ ሲወጣ ስለ ሸሚዙ ነገረቻቸው፣ ምንም ሳታስቀር። የሚስቅ ጠፋ። አንዳንዱ አንገቱን ደፋ፤ እሷ ግን ቀና እስኪሉ ጠበቀቻቸው።

ሰው ሲበተን ጋሼ ጃፋር ቀረቧት። «ልጄ፣ ሳቅ ቀደመኝ። አፉ በይኝ።»

«ዛሬ አልችልም፣ ጋሼ ጃፋር» አለቻቸው። «ሌላ ቀን ይምጡ።»

በማግስቱ ሱቋን ሳትከፍት ዳኒ ጋ ሄደች። ወንበር ስባ አጠገቡ ተቀመጠችና ለሶፍትዌሩ ባለቤቶች እንዲጽፍ አዘዘችው።

«ምን ብዬ?»

«የሰው ስም ቆረጣችሁ በላቸው። በሙት ዓመቱ ቀን በአባቴ ላይ ሰው አሳቃችሁ በላቸው።»

ጻፈ። ወዲያው መልስ መጣ፤ ስለ አስተያየትዎ እናመሰግናለን ይላል።

«አነበቡት?»

«ኧረ የለም፣ ማሽኑ ራሱ ነው የሚመልሰው።»

«እንግዲያው ሰው እስኪመልስ ጻፍ።»

ዳኒ ፈራ ተባ እያለ አያት። «ጸሊ፣ አሁንም አልበረደልሽም?»

«ገና ምኑ ተያዘና!» አለችው። «ጻፍ!»