የአምባው መቀስ

በቦንጋ ከተማ ከሚገኙ መሥሪያ ቤቶች በአንዱ የሚሠራው የዕቅድ ባለሙያ አምባው፣ በክፍሉ ኮምፒውተር ለአራት መቶ አሥራ ሁለተኛ ጊዜ በ«ድንጋይ፣ ወረቀት፣ መቀስ» ጨዋታ መሸነፉን ለመላው ሠራተኛ የምናበስረው በታላቅ ትሕትና ነው።

ጨዋታውን የሠራችው የኮምፒውተር ባለሙያችን የነበረችው ሄርሜላ ናት። በክረምት ለመስክ ሥራ ወደ ጭቃማው የደካ ገጠር ማን ይሂድ በተባለ ቁጥር ሁለቱ በእጃቸው ይጫወቱ ነበር፤ የተሸነፈ ይሄዳል። እሷ ሁልጊዜ ድንጋይ ትይዛለች። እሱ ይህን እያወቀ ሁልጊዜ መቀስ ያወጣል። ድንጋይ መቀስን ይሰብራልና ጭቃው የአምባው ነበር።

ከዚያ ዝውውሯ ጸደቀና ደሴ ገባች። ከመሄዷ በፊት ጨዋታውን ኮምፒውተሩ ላይ ጫነችለት።

«ስትሸነፍ ‹ኧረ አምባዬ፣ እንደገና!› ይልሃል» አለችው። «ካሸነፍከኝ ግን ‹በቃ፣ ደህና ሁን› ብሎ ይዘጋል። ሁለተኛ አይከፈትም።»

ይኸው ሁለት ዓመት ሙሉ ምሳ ሰዓቱን እየተሸነፈ ያሳልፋል።

ነገሩ አንድ ለአምስት ግምገማችን ላይ ቀረበ።

«ባለሙያ በዕቃ ይሸነፋል?» አሉ ሰብሳቢያችን ጋሽ ገሠሠ። «ለገጽታችን ጥሩ አይደለም። አሁኑኑ ፊታችን ካሸነፍክ አቅም ግንባታ ብለን እናልፈዋለን። ከተሸነፍክ ይደመሰሳል።»

«ጋሼ፣ እንዲሁ ቢቀመጥስ?»

«እንዲሁ የሚቀመጥ ነገር ቢፒአር አያውቅም።»

ወንበራችንን እየጎተትን ከበብነው። የመዝገብ ቤቷ እትዬ ትርንጎ ጆሮው ሥር ገቡ።

«ወረቀት በል አንተ! ይቺ ልጅ ከድንጋይ ሌላ መቼ ታውቅና! እኔ እንኳ ደርሼበታለሁ።»

«አውቃለሁ እትዬ።»

ጣቱ ወረቀት ላይ ቆየ። በሩ ላይ የቆመ ባጃጅ ጥሩምባውን ነፍቶ ነፍቶ ሰለቸውና ሄደ። አምባው መቀስን ተጫነ።

ድንጋይ ወጣ። «ኧረ አምባዬ፣ እንደገና!» የሚለው ጽሑፍ ስክሪኑን ሞላው። ያን ጽሑፍ አንድ ጊዜ፣ ሁለት ጊዜ፣ ሦስት ጊዜ ሲያነብ ከንፈሩ ይንቀሳቀስ ነበር። ከዚያ ራሱ ተነሥቶ ቦታውን ለቀቀ፤ ጋሽ ገሠሠ ቁጭ ብለው ደመሰሱት።

«አንድ ቁልፍ እኮ ነው!» ጮኹ እትዬ ትርንጎ። «እየነገርኩህ! ለምን መቀስ?»

«አልናገርም።»

«ቃለ ጉባኤው ምክንያት ይፈልጋል» አሉ ጋሽ ገሠሠ፣ እስክሪብቷቸውን አንሥተው።

«‹አልናገርም አለ› ብለው ይጻፉ።»