የሙዓዝ በርሜል

ሳጂዳ ለሰርጓ ቀሪቦ፣ ያንን የማያሰክር የገብስ መጠጥ፣ እንድጠምቅላት ስትጠይቀኝ በሩን ፊቷ ላይ ልዘጋባት ምንም አልቀረኝም። የልጄ የሙዓዝ እጮኛ ነበረች። ሐይቅ ከተማ ውስጥ ቀሪቦ የሚጠምቅ የጠፋ ይመስል ለሌላ ወንድ ልትዳር እኔ ዘንድ ትመጣለች? አንገቷን ደፍታ «ያለ እርስዎ እጅና ምርቃት አልዳርም፣ እማ» አለችኝ። እሺ አልኳት። በልቤ ያለውን ግን አላህ ነው የሚያውቀው።

ሙዓዝ በያጅ ነበር። አንድ ቢራ ፋብሪካ ቧንቧ ሊበይድ ሄዶ ያየውን አመጣልኝ። የበርሜሌን ጎን ከሥሩ አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ በሳና ሩቢኔት ገጠመበት። «የተቆላው ገብስ ከፈላ በኋላ እሳቱን አጥፊና ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ በኃይል አማስይው። አተላው ዞሮ ዞሮ መሀል ይከመራል፣ ጥሩው ከዳር ይወርድልሻል» አለኝ።

«የቢራ ቤት ጥበብ ቤቴ አታስገባ!» ብዬ ሳቅሁበት።

«ጥበቡ ምን አደረገሽ? ብቻ እጅሽ ሲቆም እንዳትከፍቺ፤ ውሃው ሲቆም ክፈቺ።»

ያን ቀን ሳጂዳም አብራው ታማስል ነበር። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ወደ ብርሃን አንስቶ «ጠርቷል» ሲል ሁለታችንም እልል አልን።

ኒካሃቸው ሊታሰር ሁለት ሳምንት ሲቀረው ጦርነቱ ደረሰ። ሙዓዝ ከጓደኞቹ ጋር በአምባሰል በኩል ዘመተ፤ በዚያው ቀረ። ሞተ ያለኝ የለም፣ አለ ያለኝም የለም። እንዲህ ያለውን ጥበቃ ለጠላትም አይስጥ። ጎረቤቱ ሁሉ የሙት ሰደቃ አውጪለት ሲለኝ፣ ካወጣሁ መሞቱን ማመኔ ነው ብዬ አራት ዓመት ሙሉ እምቢ አልኩ። ቀሪቦ በጠመቅሁ ቁጥር የመጀመሪያውን ብርጭቆ ለማንም አላቀምስም፤ መደርደሪያው ላይ አስቀምጥለታለሁ።

የጥመቃው ቀን ሳጂዳ በጠዋት ልታግዘኝ መጣች። በርሜሉ ፈላ፣ እሳቱን አጠፋን፣ እየተቀባበልን አማሰልን። ማማሰያውን ስታወጣው ቀሪቦው ገና ይሾራል። ክፋቴ የመጣው ያኔ ነው። የሰርጉ እንግዶች አተላ ይጠጡ ብዬ ሩቢኔቱን ከፈትኩት። ጥቁር ድፍርስ ጆኩ ውስጥ ወረደ።

ሳጂዳ ጆኩን አየች፣ እኔን አየች። ጎንበስ ብላ ዘጋችውና «እጅሽ ሲቆም አይደለም፤ ውሃው ሲቆም» አለች። የሙዓዝ ቃል ነው። እጇን ከሩቢኔቱ ላይ ሳታነሳ ማልቀስ ጀመረች።

«አልረሳሁትም፣ እማ። ወላሂ አልረሳሁትም። መጠበቅ ነው ያቃተኝ።»

ለካ ልጄን እኔ ብቻ አልነበርኩም ያጣሁት። አፈርኩ። «አብሽሪ፣ ጥፋቱ የእኔ ነው» ብዬ አቀፍኳት። በርሜሉ አጠገብ ተቀምጠን ጠበቅን። አረፋው እየዞረ፣ እየዞረ፣ ቀስ ብሎ ቆመ።

ስከፍተው ጥርት ብሎ ወረደ። የመጀመሪያውን ብርጭቆ ሞላሁ። ሳጂዳ ልማዴን ታውቃለችና ልታስቀምጥለት እጇን ዘረጋች።

«አይ፣ አንቺ ጠጪው» አልኳት። «አላህ ትዳርሽን ያሳምረው። ወልደሽ ሳሚ።»

የአስርን ሶላት መስጊድ ሰግዶ ሲመለስ ባሌን ኢስሃቅን በር ላይ ጠበቅሁት። «ሰርጉ ይለፍና የሙዓዝን ሰደቃ እናውጣ» አልኩት። ይህን ቃል ከአፌ ሲጠብቅ የኖረው ሰው ደጃፉ ላይ ቁጭ አለና ፊቱን በፎጣው ሸፈነ።